ሳታነቢ አትፈርሚ

ልጄ፣

እሑድ ማታ ስትደውዪልኝ ለቅሶው ንግግርሽን እየቆራረጠው ግማሹን አልሰማሁትም። የላክሽልኝን ፎቶና ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት መነጽሬን አድርጌ ደጋግሜ አየሁት። ሐዋሳ ነው፣ ሐይቁ ዳር። ዓሣው ተበልቶ አጥንቱ ሳህኑ ላይ ቀርቷል። አንቺ ቁምጣ ለብሰሻል፣ ጸጉርሽ ገና ከውሃው አልደረቀም፣ ከፊትሽ ግማሽ የደረሰ ቢራ አለ። ከልብሽ ትስቂያለሽ። ሰባተኛ ክፍል ሳስተምርሽ እንዲህ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም፤ ሁሌ አንገትሽን የደፋሽ ልጅ ነበርሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፎቶውን ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው።

ፎቶው የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከገባ በኋላ የደረሰሽ ደብዳቤ ግን «ከመምህርነት ሙያ ጋር የማይሄድ ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ በማሰራጨት የትምህርት ቤቱን መልካም ስም በማጉደፍ» ይላል፤ ረቡዕ በ8 ሰዓት ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንድትቀርቢ ያዛል። አንቺ ደግሞ በስልክ «መልቀቂያ አስገብቼ ብገላገልስ ጋሼ?» አልሽኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ቃልሽ ነው።

እኔም በፎቶ ተጠርቼ አውቃለሁ። ዘመኑ 1976 ዓ.ም. ነው፤ በወሎ ክፍለ ሀገር አንዲት ትንሽ ከተማ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት። የሥራ ባልደረባዬ ሲያገባ ሚዜው ነበርኩ። ክራባቴን አላልቼ፣ የቢራ ጠርሙስ ወደ ላይ ይዤ እስክስታ ስወርድ የከተማው ፎቶ አንሺ አነሳኝ። ሥራው ጥሩ ስለወጣለት አሳድጎ አጠበና ከሱቁ መስታወት ጀርባ፣ በሙሽሮች፣ በወታደሮችና በክርስትና ልጆች ፎቶ መሃል ሰቀለው። ፎቶ ቤቱ ከትምህርት ቤት ወደ ገበያ መውረጃው ላይ ነበር። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ከኋላ ወንበር አንዱ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ከሰዓት በኋላ ርዕሰ መምህሩ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ በታይፕ የተመታ ግማሽ ገጽ ወረቀት ነበር። «ለሥርዓት ያህል ነው፤ ፈርምና ወደ ክፍልህ ሂድ» አለኝ። ፈረምኩ። አላነበብኩትም፤ ያፈረ ሰው የሚፈልገው ከዚያ ክፍል ቶሎ መውጣት ብቻ ነው። ከዚያ ፎቶ አንሺው ዘንድ ሄጄ ለመንኩት፤ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ አራቱን ስፒል ነቅሎ ፎቶውን በእጄ ሰጠኝ። የመስታወቱ ነገር በዚያው ቀን አለቀ።

ወረቀቱ ግን አራት ዓመት ተከተለኝ። እናቴ ጎጃም ታማ ስትተኛ ዝውውር ጠየቅሁ፤ ከለከሉኝ። ደግሜ ጠየቅሁ፤ ከለከሉኝ። በኋላ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አዘነልኝና የግል ማኅደሬን ገልጦ አሳየኝ። «የመጠጥ ልማድ ያለበትና የተማሪዎችን ሥነ ምግባር የሚያበላሽ መሆኑን አምኖ የፈረመ» ይላል። ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ። ዝውውሩ ሲፈቀድልኝ እናቴ ከሞተች ሰባት ወር አልፏት ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ረቡዕ ዕለት ምንም ነገር ሳታነቢ አትፈርሚ። «ለሥርዓት ያህል ነው» ቢሉሽ አትፈርሚ። የስብሰባው ሰዓት አለቀ ቢሉሽ፣ ቁጭ ብለሽ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንብቢ። ፎቶ በሳምንት ይረሳል፤ በገዛ እጅሽ ያመንሽበት ቃል ግን ማኅደር ውስጥ ተቀምጦ የሚከፍተውን ሰው ይጠብቃል። ደብዳቤው መድረሱን ብቻ እንድታረጋግጪ ከሆነ ከፊርማሽ በላይ «ደርሶኛል፤ በይዘቱ አልስማማም» ብለሽ ጽፈሽ ቀኑን አኑሪበት። የቃለ ጉባኤውንም ቅጂ ጠይቂ።

መልቀቂያውን በተመለከተ፣ አሜሪካ ውስጥ በጆርጂያ ግዛት፣ ባሮው ካውንቲ የሆነውን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2009 አንዲት የ24 ዓመት መምህርት ለዕረፍት አውሮፓ ሄዳ ወይንና ቢራ ይዛ የተነሳችባቸውን ፎቶዎች ፌስቡክ ላይ አድርጋ ነበር። ገጿን ለተማሪ ዝግ አድርጌዋለሁ ብላ ታምን ነበር። አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው ለትምህርት ቤቱ ኢሜይል ላከ፤ ርዕሰ መምህሩ አስጠራት፤ እገዳ ከሚመጣብሽ መልቀቁ ይሻልሻል የሚል ምርጫ ቀረበላት። በዚያው ቀን መልቀቂያዋን አስገባች። ኋላ ነገሩን ስታስበው መብቴን ማንም አልነገረኝም ብላ ከሰሰች፤ ዓመታት ተሟገተች፤ ፍርድ ቤቱ ግን ወደ ሥራዋ አልመለሳትም። በወረቀቱ ላይ አባራሪ የለም፤ ያለችው በፈቃዷ የለቀቀች ሠራተኛ ናት።

እኛም ዘንድ ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ትምህርት ቤትሽ የግል ስለሆነ የሚገዛሽ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ነው። አሠሪ ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብትባቸው ምክንያቶች በአንቀጽ 27 ተዘርዝረዋል፤ በዕረፍት ቀን ሐይቅ ዳር ፎቶ መነሳት እዚያ ውስጥ የለም። ሆኖም የኅብረት ስምምነት ሊጨምራቸው የሚችላቸው ጥፋቶች ስላሉ የሥራ ውልሽን፣ የኅብረት ስምምነት ካለም እሱን፣ የትምህርት ቤቱንም ደንብ አንብቢ። ስንብቱ በጽሑፍ፣ ምክንያቱ ተገልጾ ሊሰጥሽ ይገባል። አሠሪው ምክንያቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀን ካለፈው በዚያ ምክንያት ሊያሰናብትሽ አይችልም። ከሕግ ውጭ ብትሰናበቺ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብለሽ የምትከሺበት ጊዜ ሦስት ወር ነውና አትዘናጊ። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው አሠሪው ሲያሰናብትሽ ነው። መልቀቂያ አስገብተሽ ከወጣሽ በሩን የዘጋሽው አንቺ ነሽ።

ሌላም የአሜሪካ ጉዳይ አለ፤ ይኼኛውን ሳስበው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በፔንስልቬንያ አንዲት የመምህርነት ተማሪ ልምምድ ላይ ሳለች፣ በባሕር ወንበዴ ባርኔጣ ከፕላስቲክ ኩባያ ስትጠጣ የተነሳችውን ፎቶ «ሰካራም የባሕር ወንበዴ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ማይስፔስ ላይ አደረገች። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ዩኒቨርሲቲዋ የመምህርነት ዲግሪዋን ከልክሎ በእንግሊዝኛ ትምህርት ብቻ አስመረቃት። ከሰሰች፤ በ2008 ተሸነፈች። በዚያ አገር አንድ መምህር የትምህርት ቦርዱን የገንዘብ አያያዝ በጋዜጣ ነቅፎ በመጻፉ ተባርሮ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1968 የፈረደለት የታወቀ ጉዳይ አለ፤ የፒከሪንግ ጉዳይ ይባላል። እሱ የጻፈው የሕዝብን ጉዳይ ስለሆነ ሕገ መንግሥቱ ጠበቀው። የልጅቷ ፎቶና ጽሑፍ ግን የግል ጉዳይ ነው ተባለና ያ ጥበቃ ሳይደርሳት ቀረ። የግል መሆኑ ሊያድናት ሲገባ ያጋለጣት ያው የግልነቱ ነው። በዚህ ውሳኔ ልቤ እስከ ዛሬ አልተስማማም። ከመዝገቡ ሁለት ነገር ልብ በዪልኝ፦ ልጅቷ ገጽ እንዳላት ለተማሪዎቿ ደጋግማ ነግራቸው ነበር፤ በማስተማር ችሎታዋም ላይ አስቀድሞ የቀረበ ነቀፌታ ነበረባት። ፎቶ ብቻውን ሰው አይጥልም፤ ሌላ ነገር ሲያገኝ ግን ይደገፍበታል። ስለዚህ ረቡዕ ስትሄጂ የዓመቱን የሥራ አፈጻጸም ውጤትሽን ይዘሽ ሂጂ።

አሁን ወደ መልስሽ ልመለስ። በቃል አትመልሺ፤ ስትናደጂ ድምፅሽ እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ፤ ያንን እንደ ጥፋተኝነት ይቆጥሩብሻል። ጽፈሽ ሂጂ። ከዚህ አይርዘም፦

«ፎቶው የእኔ ነው። የተነሳሁት በዕረፍት ቀኔ፣ ከሥራ ቦታ ውጭ፣ ከአዋቂ ጓደኞቼ ጋር ነው። ያኖርኩት በግል ገጼ ላይ ሲሆን ወደ ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ የላክሁት እኔ አይደለሁም። በፎቶው ላይ ተማሪም ሆነ የትምህርት ቤቱ ስም የለም። የጣስኩት የውል ወይም የደንብ አንቀጽ ካለ በቁጥር ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

«አካውንቴ ተጠልፎ ነው» እንዳትዪ። ከጓደኞችሽ አንዷ እንዲህ በዪ ብላ መክራሻለች፤ ውሸት ነው፣ ደግሞም ይደረስበታል፤ ያኔ ያልነበረሽ ጥፋት ይኖርሻል። ፎቶውንም ከረቡዕ በፊት አታጥፊው፤ መቼ እንደወጣና ለማን ክፍት እንደነበር የሚያሳየው ገጹ ነው።

ደብዳቤው «በማሰራጨት» የሚለውን ቃል ልብ ብለሻል? 1976 ላይ እኔ ያላወቅሁት አንድ ነገር ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ማሳየትን ይከለክላል። ያ ፎቶ መስታወቱ ላይ ሲሰቀል ሕጉ ከወጣ 24 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ተከሳሽ ሆኜ የቆምኩት ግን እኔ ነኝ። ሕጉ ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ዝርዝሩን ጠበቃ ይየው። ግን ኮሚቴው ፊት ይህን ጥያቄ ማንሳት መብትሽ ነው፦ ለጓደኞቼ ያሳየሁትን ፎቶ ከገጼ አንስቶ ለማያውቁኝ ወላጆች የበተነው ማን ነው?

በፎቶው ዳር የስፖርት መምህራችሁም አለ። ሸሚዙን አውልቋል፣ ከፊቱ ሁለት ጠርሙስ አለ። እሱን የጠራው የለም። ይህ እንደ እሳት አቃጠለኝ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ፎቶ ሆኖ ደብዳቤ የደረሳት ሴቷ ብቻ ናት። በሩሲያ በባርናውል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2019 አንዲት መምህርት ወላጅ ከግል ገጿ ባየው ፎቶ ከሥራዋ እንድትወጣ ስትገፋ፣ በየከተማው ያሉ መምህራን የዋና ልብስ ለብሰው እየተነሱ «መምህራንም ሰዎች ናቸው» ብለው ወጡላት። አንቺ ያን ያህል ሰው የለሽም ይሆናል፤ የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ግን ጾታ የስንብት ምክንያት እንዳይሆን ይከለክላል። «እሱንም ቅጡት» አትበዪ፤ ባልደረባሽ ነው፣ ጥፋትም የለበትም። «ለምን እኔ ብቻ?» ብለሽ ጠይቂና ቃሉ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር አድርጊ።

አሁን የምቆጣሽ ነገር አለ፤ ስለምወድሽ ነው።

ፎቶውን ካየሁ በኋላ ገጽሽን ወደ ታች ወረድኩ። የዛሬ ዓመት የለጠፍሽውን ቪዲዮ አገኘሁት። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ «ጸ» እና «ፀ» ተምታተውበት ሰሌዳው ፊት ያለቅሳል፤ ቾኩን በሁለት እጁ ጨብጦታል፤ ከኋላ ያንቺ ሳቅ ይሰማል። ከሥሩ የሚስቁ ምልክቶች ደርድረሻል። ክፋት እንደሌለሽ አውቃለሁ፤ ልጁን እንደምትወጂውም ከድምፅሽ ያስታውቃል። ግን ልጄ፣ በዚያ ቪዲዮ ላይ መስታወቱ ያንቺ ነው፤ የተሰቀለው ደግሞ ያ ልጅ ነው። ነገ ጓደኞቹ ፊት ሲቆም ትከሻውን የሚነቀንቅበት ይኖራል። እሱ ፎቶ ቤቱ ሄዶ ስፒሉን አስነቅሎ መውሰድ እንኳ አይችልም። ማንም በዚህ አልጠራሽም፤ ሊጠሩሽ የሚገባው ግን በዚህ ነበር። ዛሬ ማታ አጥፊው። ለእናቱም ደውለሽ እንዳወጣሽውና እንዳጠፋሽው ንገሪያት፤ ከኮሚቴው ፍርሃት የተነሳ ሳይሆን የልጁ ስለሆነ። የተማሪ ፊት ያለበት ሌላ ነገር ካለም እንዲሁ። ከጓደኞችሽ ዝርዝር ውስጥም ተማሪና የተማሪ ወላጅ ካለ አውጪ።

ሐሙስ ክፍል ስትገቢ ልጆቹ ሰምተው ይሆናል። አንዱ «ቲቸር፣ ሐዋሳ እንዴት ነው?» ቢልሽ አትቆጪ፣ ፊትሽም አይቅላ። «ደስ ይላል፤ ሐይቁ ሰፊ ነው» በዪውና ደብተር አስወጪያቸው። እኔ ያን ሰኞ ትከሻውን የነቀነቀውን ልጅ ከክፍል አስወጣሁት፤ ዓመቱን ሙሉ ዓይኔን ሳያየኝ ጨረሰ።

ነገ ማክሰኞ ከሥራ ስትወጪ በእኔ በኩል እለፊ። የሥራ ውልሽን፣ የትምህርት ቤቱን ደንብና የጻፍሽውን መልስ ይዘሽ ነይ፤ ቃል በቃል አብረን እናየዋለን። ረቡዕም እስከ በሩ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ውስጥ ባያስገቡኝ ውጭ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ። ያ የሠርግ ፎቶ ደግሞ ዛሬም አለኝ፤ በአራቱ ማዕዘን የስፒሉ ቀዳዳ ይታያል። ነገ አሳይሻለሁ።