ነጃሺ የመለሱት ቆዳ

በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የመካን በደል ሸሽተው ሐበሻ የገቡትን ሙስሊሞች ለማስመለስ ቁረይሾች አምር ኢብኑል ዓስንና አብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ላኩ። መልእክተኞቹ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። የመካ ቆዳ በሐበሻ ቤተ መንግሥት እጅግ ይወደድ ነበርና ቆዳ ጭነው ነበር። ንጉሡ ፊት ከመቅረባቸው በፊት ለጳጳሳቱ ድርሻ ድርሻቸውን አደሉ፤ ስደተኞቹ ቃላቸው ሳይሰማ ተላልፈው እንዲሰጡ ምክር እንዲያቀርቡላቸውም ለመኑ። ንጉሡ ነጃሺ ግን ስደተኞቹን አስጠሩ፤ ስለ እነሱ የተናገረውን ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብን አዳመጡ፤ ከዚያም እጅ መንሻው ለአምጪዎቹ እንዲመለስ አዘዙ።

እኒሁ ንጉሥ ኋላ ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ቆዳ ላኩ። ጌጥ የሌለው ጥቁር ኹፍ (የቆዳ መጫሚያ) ነበር። ነቢዩ ተጫሙት፤ ውዱእ ሲያደርጉም በላዩ አበሱበት። በሌላ ጊዜ የሐበሻ ፈርጥ ያለበት የወርቅ ቀለበት ከነጃሺ ደረሳቸውና ለልጅ ልጃቸው ለኡማማ ሰጧት።

የቁረይሾቹ ቆዳ ውለታ ሊያስከፍል መጣ፤ የነጃሺ ግን የጠየቀው ነገር የለም። ስጦታ መውደድን እንደሚያመጣ ነቢዩ አስተምረዋል፤ ጥርጣሬያቸው ሥልጣን ያለው ሰው ደጅ ላይ በሚቆመው ስጦታ ላይ ነበር። ኢብኑ ሉትቢያ የተባለ የዘካ ሰብሳቢ ከሥራው ተመልሶ ከፊሉ የሕዝብ፣ ከፊሉ ለእሱ የተበረከተ መሆኑን ሲናገር ሚንበር ላይ ወጥተው ገሠጹ፤ ሰውየው እናት አባቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ስጦታ ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ። ከ717 እስከ 720 የገዙት ኸሊፋ ዑመር ኢብኑ ዓብዱል ዓዚዝም፣ ነቢዩ ስጦታ ይቀበሉ እንደነበር ሲነገራቸው፣ በእሳቸው ዘመን ለሹም የሚሰጠው ጉቦ ሆኗል ብለው መለሱ። ዛሬ ለጨረታ ኮሚቴ አባል ልጅ ሠርግ የሚላከውን ሰንጋ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

በጎረቤት መካከል ግን ነገሩ ቀላል ነው። የበግ ሸኮናም ብትሆን አትናቅም። የነቢዩ ባለቤት አዒሻ ከሁለት ጎረቤቶቿ ለየትኛው እንደምትሰጥ ስትጠይቅ ነቢዩ የነገሯት፣ ደጃፉ ለሚቀርባት እንድትሰጥ ነው።

አለመቀበልም ወግ አለው፤ ከመስጠቱ ይልቅ የሚከብደውም ይሄው ሳይሆን አይቀርም። ሰዕብ ኢብኑ ጀሣማ የተባለ ሰው ያደነውን የዱር አህያ ነቢዩ ኢሕራም (አደን የሚከለከልበት የሐጅና የዑምራ ሥርዓት) ላይ ሳሉ አመጣላቸው። መለሱለት። ፊቱ መለዋወጡን ሲያዩ ግን ዝም አላሉም፤ የመለሱት ኢሕራም ላይ ስለሆኑ ብቻ እንደሆነ ነገሩት። ምክንያቱን መናገር ከሰጪው ልብ ቅሬታን ያነሣል፤ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ይህንን ነው።

የሰጡትን መልሶ መውሰድ በብርቱ የተነቀፈ ነው፤ ብዙ ሊቃውንት ከዚህ የሚያወጡት አባት ለልጁ የሰጠውን ነው። በሺር የተባለ ሰው ለልጁ ለኑዕማን አንድ አገልጋይ ሲሰጠው የልጁ እናት ዐምራ ነቢዩ ካልመሰከሩ አልቀበልም አለች። ነቢዩ ለሌሎቹ ልጆችም እንዲሁ ሰጥቶ እንደሆነ በሺርን ጠየቁት። አልሰጠም። በልጆቹ መካከል እንዲያስተካክል ነገሩት፤ በሺርም ስጦታውን መልሶ ወሰደ። ይህን ታሪክ ኋላ ሚንበር ላይ ቆሞ ለሕዝብ የተረከው፣ ስጦታው የተወሰደበት ኑዕማን ራሱ ነው።