የዞምቢው ሁለተኛ ዓይን

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር፣ ታናሽ ወንድሜ ‹ዴድ አይላንድ 2› ሲጫወት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር። አንዱን ዞምቢ ጉልበቱን በመዶሻ መታው። ወደቀ፤ ከዚያ በክንዱ እየተሳበ መጣ። «እንዴት አሪፍ አድርገው ነው የሠሩት!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ ብዙ የተወራለት ቆዳው፣ ሥጋውና አጥንቱ በየተራ እንዲጎዳ ሆኖ ስለተሠራ ነው። እኔ ግን ፊቴን አዞርኩ።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ ነገሩን ከውስጥ አውቀዋለሁ። ለኮምፒውተሩ ምት ማለት ለምሳሌ ከ100 ላይ 20 መቀነስ ነው። መንገዳገዱም መሳቡም ለእኛ ለተመልካቾቹ የተጨመረ ነው። የሚያመው የለም። ታዲያ ፊቴን ምን አዞረው?

ደቅ ያለው ናርጋ ሥላሴ ትዝ አለኝ፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት። በቆየው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው ግን በጎን ስለሚሣል ያለው አንድ ዓይን ነው። ሙሉ ፊት የተነፈገው እንዳናዝንለት ይመስለኛል። ዞምቢም እንደዚያው ነው፤ ሰውነቱን ቀምተን «ምታው» ተባባልን። ሲመታ እንደ ሰው እንዲንገዳገድ ስናደርገው ግን ሁለተኛውን ዓይን መለስንለት ማለት ነው።

ስለዚህ እንደ እንጨት ቆሞ ጥይት ከሚጠጣው ዞምቢ ይልቅ የሚሳበው ይሻለኛል፤ መምታት ምን እንደሚያደርግ አይደብቅም። የሚያሰጋኝ እሱንም ለምደን «አሪፍ» ብቻ ብለን ማለፋችን ነው።

ወንድሜን ተው አላልኩትም። «ሲሳብ ፊቱን አየኸው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ቀጠለ።