ጠርሙሱን ያነሳው ማን ነው?

«ጠርሙሱን ያነሳው ኮምፒውተሩ እንጂ እሱ አይደለም» አለኝ አንድ ወዳጄ፣ የኢያን በርካርትን ቪዲዮ አብረን ስናይ። ንግግሩ እስካሁን ይከነክነኛል።

በርካርት አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ባሕር ውስጥ ሲጠልቅ አንገቱ ተጎድቶ እጆቹ አልታዘዝ አሉት። በ2014 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንጎሉ ውስጥ ቺፕ ተተከለለት። እጁን ለማንቀሳቀስ ሲያስብ ቺፑ ምልክቱን ያነባል፤ ኮምፒውተሩ ይፈታዋል፤ ክንዱ ላይ የተጠመጠመው፣ ኤሌክትሮዶች የተደረደሩበት እጅጌ ጡንቻዎቹን በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ጠርሙስ ጨብጦ ያነሳል፤ በውስጡ ያለውን ሌላ ዕቃ ውስጥ ይገለብጣል፤ ከዚያ ቀጭን እንጨት በጣቶቹ ይዞ ያማስላል።

ጡንቻን በኤሌክትሪክ ማንቀሳቀስማ አዲስ አይደለም። ሳይንቲስቱ ጋልቫኒ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሞተች እንቁራሪት እግር አንፈራግጧል፤ ድርጊቱ የእንቁራሪቷ ነው ያለ ግን የለም። የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ፔንፊልድ የነቁ ታካሚዎችን አንጎል በኤሌክትሪክ ሲነካ እጃቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ እነሱ ግን ያደረገው ሐኪሙ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። የበርካርት እጅ ግን የሚንቀሳቀሰው እሱ ሲፈልግ፣ ለፈለገው ጉዳይ ነው።

ወዳጄ በዚህ አልረካም። «የትኛው ጡንቻ መቼ እንደሚኮማተር የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው፤ ሰውዬው ያቀረበው ፍላጎቱን ብቻ ነው» ይላል። እኔስ ይህን ስጽፍ የትኛው ጡንቻዬ መቼ እንደሚኮማተር መቼ አውቃለሁ? ዝርዝሩን ነርቮቼ ይጨርሱታል። አለማወቄ ድርጊቴን ካልነጠቀኝ የእሱን ለምን ይነጥቀዋል?

«ያንተ ነርቭ ያንተው አካል ነው፤ ስትጨብጥም ይሰማሃል» ቢለኝስ? ስሜቱ ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና በ2020 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በርካርት ባይሰማውም ከእጁ ወደ አንጎሉ የሚደርስ ደካማ የመዳሰስ ምልክት ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ያንን ምልክት አንብበው በንዝረት መልሰው አሰሙት። «አካልህ» የሚለው ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም፤ እኔም የምንገዳገደው እዚህ ላይ ነው።

የሚያንገዳግደኝ የሌላ መሣሪያ ታሪክ ነው። ክሊቭላንድ ውስጥ የተወለደው ፍሪሃንድ የተባለ መሣሪያ በ1997 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቶ ነበር። ታካሚው አንዱን ትከሻውን ሲያንቀሳቅስ በሌላው ወገን ያለው እጁ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ተተክሎላቸው ሹካና ብዕር ጨበጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አምራቹ ኩባንያ ገበያውን ለቀቀ፤ መሣሪያው እየሠራ ንግዱ አላዋጣም። ከአካል ውጪ ያለው የመሣሪያው ክፍል ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል የሚለው ጭንቀት በሰዎቹ ላይ ወደቀ። የበርካርት መሣሪያም ከቤተ ሙከራ አልወጣም፤ ቺፑ በ2021 ወጥቷል።

የተነሳሁት እጁ የራሱ ነው ብዬ ልከራከር ነበር። አሁን አጥብቄ የምይዘው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ጠርሙሱን ያነሳው በርካርት ነው። እጁ ግን ሌላ ሰው በበጀት ስብሰባ ላይ ሊያቆመው እስከቻለ ድረስ የተውሶ ይመስለኛል። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት ሰውስ ልቡ የራሱ አይደለም ልንል ነው? አንልም። ስለዚህ በጠጋኝ እጅ መሆን ብቻውን ባለቤትነትን አያፈርስም፤ የሚያፈርሰው ጠጋኙ ያለ ተጠያቂነት ጥሎ መሄድ መቻሉ ሳይሆን አይቀርም። ይህ መስመር የት ላይ እንደሚሰመር በእርግጠኝነት ለመናገር አልደፍርም። ሰው አካል ውስጥ መሣሪያ የሚተክል ሁሉ ግን ከመትከሉ በፊት ስለ ጥገናው በጽሑፍ ቃል ሊገባ ይገባል፤ ይህን ያህሉን ያለ ጥርጥር እላለሁ።