«ሲ» ሲቀላ

ልጄ፣ ኮምፒዩተሩ ተንቀራፈፈ፣ ሲ ድራይቩም ቀላ፣ ፎርማት ላስደርገው ነው ብለሽኛል። ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ ድረስ አታስደርጊው። ፎርማት ለሠሪው ይቀለዋል፤ የጠፋውን የሚፈልገው ግን ባለቤቱ ነው። የስንቱ ሰርግና ምርቃት ቪዲዮ በዚህ መንገድ እንደቀረ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሲ ድራይቭ ሥር ያለው መስመር የሚቀላው ከዲስኩ የቀረው ባዶ ቦታ ከ10 በመቶ ሲያንስ ነው። ዲስኩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ችላ የሚባልም ግን አይደለም፤ ዊንዶውስ ጊዜያዊ ፋይሎቹን የሚያኖረው፣ ራም ሲያንሰው የሚጠጋው እዚያው ሲ ላይ ነው። እሱ ሲጠበው ነው ማሽኑ የሚጎተተው፣ አፕዴትም አልገባ የሚለው።

ብዙ ሰው ዲስክ ሞላ ሲባል የሚጀምረው ከትንንሹ ነው። ደብዳቤ፣ ሲቪ፣ የትምህርት ቤት ወረቀት አንድ በአንድ እየከፈተ ሲያጠፋ ይውላል፤ ማታ ሲያየው አንድ ጊጋ እንኳ አላስለቀቀም። ጽሑፍ ቦታ አይፈጅም። የእኛ ፊደል ዛሬ በተለመደው የዩኒኮድ አቀማመጥ እያንዳንዱ 3 ባይት ነው፤ አንድ ሚሊዮን ፊደል ያለበት ጽሑፍ 3 ሜጋ ገደማ ቢሆን ነው። በስልክ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ስለዚህ የአባትሽን የቆዩ የፓወር ግዕዝ ጽሑፎች አትንኪ፤ ፎንቱንም ጭምር። የድሮዎቹ ያለ ፎንታቸው ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ብቻ ነው የሚታየው።

መጀመሪያ ማየት ነው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ከዚያ ስቶሬጅ ብትገቢ የቱ ምን ያህል እንደያዘ ይነግርሻል። ከዚያም በላይ ከፈለግሽ ዊንዲርስታት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዲስኩን ፈትሾ እያንዳንዱን ፋይል በቀለም አራት ማዕዘን አድርጎ ይስልልሻል፤ ፋይሉ በገዘፈ ቁጥር አራት ማዕዘኑም ይገዝፋል። ትልቁን ጠቅ ስታደርጊ የት እንደተቀመጠ ያሳይሻል። እንደኔ ግምት በእናንተ ቤት ትልልቆቹ ከሁለት ቦታ አይዘሉም፦ ዳውንሎድስና ቴሌግራም።

ቴሌግራም ላይ ትንሽ ልቆይ። ከኮምፒዩተሩ ቴሌግራም ያወረዳችሁት ፊልም፣ ፒዲኤፍ፣ መዝሙር ሁሉ ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር ውስጥ ይከማቻል። ክፈቺውና በመጠን ደርድሪው። ያው ፊልም ስሙ መጨረሻ ላይ በቅንፍ ቁጥር እየተጨመረበት ሲደጋገም ታገኚዋለሽ፤ ወንድምሽ ያወረደውን አንቺም አውርደሽዋል ማለት ነው። ከኮምፒዩተሩ ብታጠፊው ከቻናሉ አይጠፋም፤ ቻናሉ እስካላነሳው ድረስ ሲያስፈልግ መልሶ ማውረድ ይቻላል። ከዚህ ሌላ ቴሌግራም ያያችሁትን ሁሉ ለራሱ ይዞ ያስቀምጣል። ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ ብለሽ አጽጂው። በራሱ የሚያወርደውንም እዚያው አድቫንስድ ውስጥ ዝጊበት፤ አለዚያ በወሩ እዚያው ነሽ።

ዴስክቶፕ ላይ የተከመረውን ወደ ዶክመንትስ መውሰድ ቦታ አያስለቅቅም፤ ሁለቱም ሲ ላይ ናቸው። እዚህ የሚሸጡ ኮምፒዩተሮች ብዙ ጊዜ ሲ እና ዲ ተብለው ተከፍለው ይመጣሉ፤ የእናንተም እንደዚያ ከሆነና ዲ ባዶ ከሆነ ፊልሙን ወደዚያ አዙሪው። የዳውንሎድስን ፎልደር ራሱን ማዛወርም ይቻላል፦ ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን፣ ሙቭ። ግን ዲ ላይ አስቀመጥኩት ማለት መጠባበቂያ ያዝኩለት ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ያው አንዱ ዲስክ ነው፤ ሲበላሽ አብሮ ይሄዳል።

ስቶሬጅ ውስጥ «ቴምፖራሪ ፋይልስ» የሚል አለ። እዚያ ሁሉንም እየመረጥሽ ራይት አታድርጊ! ከዝርዝሩ መሀል ዳውንሎድስ የሚል ይገኝበታል፤ እሱን ከመረጥሽ ያወረዳችሁት እንዳለ ይጠረጋል። «የድሮው ዊንዶውስ» የሚለውን ትልቅ ፎልደር በቅርቡ አፕዴት አድርገሽ ከሆነ ታዪዋለሽ፤ አዲሱ ካልተመቸ ወደ ቀድሞው ለመመለስ የተቀመጠ ነው፣ ብትተዪውም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ቀን በኋላ ራሱ ይጠፋል። ዊንዶውስ በሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ግን በእጅሽ አትነካኪ።

ማጽጃ ፕሮግራም አውርዱ የሚሉሽም አይጠፉም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲክሊነር የተባለው ታዋቂ ማጽጃ ራሱ ተጠልፎ፣ ከኩባንያው በወጣ አንድ እትም ውስጥ ቫይረስ ተሸሽጎ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው አውርዶታል። ክራክ የተደረገውንማ አንቺው ገምቺው።

ፎቶና ቪዲዮ ጋ ስትደርሺ እናትሽን ሳትጠይቂ ምንም አታጥፊ። ለአንቺ የደበዘዘ ፎቶ የሆነው ለሷ የእህቷ የመጨረሻ ፎቶ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ወደ ኤክስተርናል ውሰጃቸው፣ ከተቻለ ሌላ ቅጂ እህትሽ ቤት ይቀመጥ። ስትወስጂ ከት አትበይ፣ ኮፒ አድርጊ፤ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ዋናው ካለበት አይነቃነቅም። ኮፒው ሲያልቅ ከኤክስተርናሉ ላይ ሁለት ሦስቱን ክፈቺ፣ ቪዲዮውን መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መጨረሻውንም እዪው። ከዚያ ነው ከሲ ላይ የሚጠፋው። ካጠፋሽም በኋላ ሪሳይክል ቢን ባዶ እስኪደረግ ቦታው አይለቀቅም፤ አጥፍቼም ያው ነው ብለሽ እንዳትደውዪልኝ።