የፍርዱ ባለቤት ማን ነው?

ኮድ መጻፍ የማያውቅ መምህርም ሆነ የባህል ሠራተኛ የፖለቲካ ዜናዎችን በሰንጠረዥ ደርድሮ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ቢያቀርብ፣ እያንዳንዱ ዜና «አዎንታዊ»፣ «አሉታዊ» ወይም «ገለልተኛ» ተብሎ በቅጽበት ይመለስለታል። የዕውቀት በር ለብዙኃኑ መከፈቱ የሚነቀፍ አይደለም። ጥያቄው ፍርዱ የማን ነው የሚለው ነው።

የንፋስ መውጫ ነገር ለዚህ አብነት ይሆናል። ከተማዋ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ነበረች። «ንፋስ መውጫ ነጻ ወጣች» የሚል ዜና ቢሰጠው መሣሪያው «ነጻ» የምትለውን ቃል ይዞ «አዎንታዊ» ቢል አያስገርምም። ይሁን እንጂ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ኅዳር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በእነዚያ ቀናት በታጣቂዎች የደረሰባቸውን የመደፈር ግፍ 16 የከተማዋ ሴቶች በአንደበታቸው አስረድተዋል። ለእነርሱ ያ ዜና እፎይታም ሐዘንም ነው። «ገለልተኛ» የሚለው ሦስተኛው ሳጥንማ ጭራሽ ያሳፍራል።

ጥፋቱን ሁሉ በመሣሪያው ላይ መጫን ግን ከኃላፊነት መሸሽ ነው። መሣሪያው ስሜትን የሚለየው ከሰዎች ፍርድ ተምሮ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ አንድ የአማርኛ ጥናት ወደ 9,400 የሚጠጉ የትዊተር ጽሑፎች እያንዳንዳቸው በሦስት ሰዎች ተመዝነዋል። በእንዲህ ያለ ሥራ ሦስቱ ሲለያዩ አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱ ቃል ይጸናል፤ የአንዱ ይጣላል። ያ አንዱ የንፋስ መውጫ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰንጠረዡን ለስብሰባ የሚያቀርበው ባለሙያ አስቀድሞ ዜናዎቹን ራሱ ሊያነብ፣ ከመሣሪያው የተለየበትንም ቦታ ከነምክንያቱ ከቁጥሩ ጎን ሊጽፍ ይገባዋል።