የግማሽ ቀን እንግዳ

ለመሆኑ አንድ ሰው ከማለዳ እስከ ቀትር ብቻ ረግጦት ለሚመለስ አገር ምን ዕዳ አለበት? ባለፈው ዓመት ከእህቴ ጋር ዛንዚባር ደሴት ላይ በዚህ ጥያቄ ስንከራከር አምሽተን ሳንቋጨው ተኛን። በማግስቱ ያጋጠመን ነገርም ክርክሩን አባባሰው እንጂ አልፈታውም። አንባቢ የራሱን ፍርድ ይሰጥ ዘንድ ነገሩን ከመነሻው ልተርከው።

እህቴ ዱባይ በሚገኝ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ አልጋ ታነጥፋለች። አገር ቤት በመጣች ቁጥር ዕረፍት የሚባል ነገር አይታ አታውቅም። ያለፋት ለቅሶ ይደረሳል፤ የታመመ ይጠየቃል፤ ከባልደረቦቿ የተላከው ዕቃ ለየቤቱ ይታደላል። ፈቃዷ በዚሁ ያልቅና ከመጣችበት ቀን ይልቅ ደክማ ትሸኛለች። አምና ግን «አሁንስ በቃኝ! ማንም የማያውቀን ቦታ እንገናኝ» አለችና የሁለታችንንም ወጪ ችላ ዛንዚባር ቀጠረችኝ። እሷ ከዱባይ፣ እኔ ከአዲስ አበባ በረርን። አንድ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዞ ለዚህም ለዚያም መጽሔት እየጻፈ የሚኖር ሰው የሕንድ ውቅያኖስን በራሱ ኪስ አየው ቢባል የሚያምን አይገኝምና ይህን ሳልደብቅ መናገሩ ይሻላል።

አራቱን ቀን ከባሕሩ ሳንርቅ አሳለፍን። አምስተኛው የመመለሻችን ቀን ነበር። አውሮፕላኖቻችን የሚነሡት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ግማሽ ቀን ተረፈን። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ አንድ የታጠፈ ወረቀት ዘረጋልን፤ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የግማሽ ቀን የጫካ ጀብዱ» የሚል ርዕስ አለው። ጆዛኒ የሚባል ደን፣ የማንግሮቭ ዛፎች፣ የቅመም እርሻ፤ ሦስቱም ቀትር ሳያልፍ።

ጀብዱ! በእኛ ዘንድ ጀብዱ ማለት ጠላት ማርኮ ወይም አውሬ ገድሎ የተመለሰ ሰው የሚፎክርበት ነገር ነው። የታሸገ ውኃ ተይዞለት፣ ምሳ ሳያልፈው የሚመልሱት ጀብደኛ ምን ብሎ ይፎክር ይሆን? እኔ በዚህ ስስቅ እህቴ ከልጁ ጋር ቁም ነገሩን ይዛለች።

«ጦጣዎቹን በእርግጥ እናያለን?»

«በእርግጥ።»

«ባናይስ? ገንዘባችን ይመለሳል?»

ልጁ ትንሽ አሰብ አደረገና «ታያላችሁ» አላት።

ነገር ያመጣችው ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት። ክፍላችን እንደገባን «ጫካም ዋስትና ይጠራል እንዴ?» አልኳት። «የጢስ ዓባይን ነገር ረሳሽው?»

እኔና እህቴ ያደግነው ከባሕር ዳር ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጢስ ዓባይ ነው። ቱሪስቶች ፏፏቴውን ለማየት ጠዋት ከባሕር ዳር ይመጣሉ፤ ለምሳ ይመለሳሉ። ለእነሱ የግማሽ ቀን ጉዞ ነበር፤ ለእኛ ግን ሙሉ ኑሯችን። ቅል እንሸጣለን፤ ዋሽንት የሚያውቅ ይነፋል፤ ፎቶ የተነሣ አንድ ብር ይቀበላል። በዚያን ጊዜ የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ታትሞ የነበረው ይኸው ፏፏቴ ስለሆነ፣ ፏፏቴውን አሳይተን ፏፏቴውን እንቀበል ነበር ማለት ነው። ፈረንጁ ለመሄድ ስንት ደቂቃ እንደቀረው እኛ ልጆች ከአስጎብኚው ይበልጥ እናውቅ ነበር። ሳቃችንንም ልመናችንንም በዚያችው ደቂቃ ልክ እንሰፋዋለን።

እናታችን ግን ይህን ሰዓት አታውቀውም። አንድ ጠዋት፣ በ17ኛው መቶ ዘመን ከተሠራው የድንጋይ ድልድይ በኩል የሚመለሱ ሁለት ሸምገል ያሉ ባልና ሚስት ደጃችን ላይ ቆመው ፎቶ አነሷት። እሷም «ግቡ እንጂ፣ ቡና ጠጡ» አለች። ፈገግ ሲሉ የተስማሙ መሰላትና ቡናውን ምጣድ ላይ ጣደች። ሽታው መውጣት ሲጀምር አስጎብኚው ሰዓቱን አይቶ «ጊዜ የለም» አላቸው፤ ሄዱ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሴትየዋ እንዲያውም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ ነው የተሰናበተችው። ምን ይደረግ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በግማሽ ቀን ፕሮግራም ውስጥ አይገቡም!

እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር አብዛኛው ውኃ ወዲያ ተመራና ፏፏቴው ቀጠነ። ዋስትና የሚጠይቅ ቱሪስት የበዛው ያን ጊዜ ነው። «ፎቶው ላይ ያየነው ይህንን አይደለም» ይላሉ። እውነታቸውን ነበር። ነገር ግን ቁጣቸውን የሚያወርዱት ውኃውን በመራው ላይ ሳይሆን ቅል በምንሸጠው በእኛ ላይ ነበር፤ ደንበኛ የሚቆጣው ፊት ለፊቱ ባገኘው ሰው ነውና።

እህቴ ሁሉንም ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያም «ስማኝ ወንድምዓለም» አለች። «እኔ ዓመቱን ሙሉ ሰው የተኛበትን አልጋ አነጥፋለሁ። አንዳንዱ ስሜን ይጠይቀኛል፤ አብዛኛው እንደ ግድግዳ ያልፈኛል። የጠየቀኝም ያልጠየቀኝም አንሶላው እኩል ይቀየርለታል። አንድ ጊዜ እኔም ከፍዬ፣ እኔም ሳላስብ ብውል ምን አለበት? ሌላው ሳያስብ የኖረበት ዕረፍት እኔ ጋ ሲደርስ ነው ኃጢአት የሚሆነው?»

ምን እንደምመልስላት አጣሁ። አሁንም ቢሆን የጥያቄዋ ግማሽ ትክክል ነው እላለሁ። ዘመኑን ሁሉ ሌላውን ሲያስተናግድ የኖረ ሰው ገና ወንበር ስቦ ሊቀመጥ ሲል «ኅሊናህስ?» ብሎ መነሣት ፍርደ ገምድልነት አለበት። ስለዚህ አፌን ያዝኩ። እሷም እስክሪብቶ አንሥታ ዕቅዱን ጻፈች፦ 1 ሰዓት መነሻ፣ 2 ሰዓት ደን፣ 3 ሰዓት ተኩል ማንግሮቭ፣ 5 ሰዓት የቅመም እርሻ፣ 7 ሰዓት አውሮፕላን ማረፊያ። ሻንጣዎቹ ከእኛው ጋር ይሆናሉ።

ሹፌሩ ሲመሽ ደውሎ «ሳ ሞጃ» አለን፤ በስዋሂሊ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ወዲያው ለፈረንጅ ሲል «ሰባት ሰዓት» ብሎ ሊያቃናው ሲሞክር «አንዱ ይበቃናል!» አልነው። የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ሰዓታቸውን የሚጀምሩት ከንጋት ነው። በዚህች ብቻ ዘመድ የተገናኘን ያህል ተሳሳቅን።

ጆዛኒ ከዋናው ከተማ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የተከለለ፣ 50 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ደን ነው። ወደዚያ ስንቃረብ መኪናው በተደጋጋሚ ስፒድ ብሬከር ላይ ይዘላል። መንገዱ አስፋልት ከሆነ በኋላ የሚበር መኪና ጦጣዎቹን እየገጨ ስላስቸገረ የተሠራ ነው አሉን። ለካ እኛን ወደ ጦጣዎቹ ቶሎ የሚያደርሰን መንገድ ጦጣዎቹን ሲፈጅ ኖሯል!

እንስሶቹ የእኛው ጉሬዛ ዘመዶች ናቸው። ጀርባቸው ቀላ ያለ ነው፤ ፊታቸው ጥቁር ሆኖ ግንባራቸውን ነጭ ጠጉር ከቦታል። በዓለም ላይ ከዚህ ደሴት በስተቀር የተፈጥሮ መኖሪያ የላቸውም፤ ቁጥራቸውም ወደ 6 ሺህ እንደሚጠጋ ይገመታል። እንደ ጉሬዛ ሁሉ አውራ ጣት የሌላቸው ያህል ናቸው። የወገኑ መጠሪያ የሆነው «ኮሎበስ» የሚለው ቃልም የመጣው የተቆረጠ፣ የጎደለ ከሚል የግሪክ ቃል ነው።

የደነቀኝ ግን ያየናቸው ቦታ ነው። አስጎብኚያችን ወደ ጥቅጥቁ ደን ያስገባናል ብለን ስንጠብቅ አስፋልቱን አሻግሮ ወደ ገበሬዎች ማሳ ወሰደን። ማንጎ አለ፤ ኮኮናት አለ። ጉሬዛዎቹም እዚያው ዝቅ ባሉት ቅርንጫፎች ላይ ተቀምጠው ሰው መጣ ሰው ሄደ ሳይሉ ለጋ ቅጠል ይበላሉ። ሰው የለመዱት መንጋዎች የሚውሉት በዚህ በኩል ነው። እንግዲህ እንግዳ ተቀባዩ ልጅ ያን ያህል የተማመነው ለዚህ ኖሯል። «ጫካ» ተብሎ የተሸጠልን የአንድ ሰው ጓሮ ነበር፤ ለዋስትናችን መያዣ የሆነውም የዚያ ሰው ማንጎ ነበር።

ገበሬዎቹ ይህን እንስሳ «ኪማ ፑንጁ» ይሉታል፤ መርዘኛ ጦጣ ማለት ነው። የበላበት ዛፍ ይደርቃል የሚል የቆየ እምነት አለ። ከሰል የመብላት እንግዳ ልማድ አለው፤ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ከሰሉ በማንጎ ቅጠል ውስጥ ያለውን ጎጂ ነገር ያረክስለታል። ለጋ ኮኮናትም ይቀጥፋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት ጉሬዛዎቹ በሚበሉባቸው ዛፎች ላይ ምርቱ እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም የተሻለ ሆኖ እንደተገኘ ዘግቧል፤ ፍሬውን ማሳሳታቸው እንደ መግረዝ ሳይጠቅም አልቀረም። ጥናቱ እውነት ይሁን። ነገር ግን ዓይኑ እያየ ፍሬው የሚቀጠፍበት ገበሬ በጥናት ብቻ አይጽናናም። ከመግቢያው ክፍያ ከፊሉ ለአካባቢው መንደሮችና ለነዚህ ገበሬዎች እንዲደርስ የተደረገውም ለዚሁ ነው።

ከማሳው ስንወጣ አንዲት ጎልማሳ ሴት ከደጇ ብቅ ብላ «ካሪቡ» አለችን፤ «ግቡ» ማለቷ ነው። ከዘንባባ የተሠራ ምንጣፍ ጥላው ሥር ዘረጋች። አንድ ለጋ ኮኮናት አንሥታ አናቱን በገጀራ መታ መታ አደረገችና ቀና ብላ አየችን። የምትሸጠው መስሎን አስጎብኚውን ጠየቅነው። «አይደለም፣ እየጋበዘቻችሁ ነው» አለ። ኮኮናቱን ሲበሉባት ለማየት ለመጣን ለእኛ ኮኮናት!

ሹፌሩ ሰዓቱን አሳየን። ማንግሮቩ ይቀራል፤ የቅመም እርሻው ተከፍሎበታል። እኔ «አሳንቴ» ብዬ አመሰገንኩ። እህቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። ሄድን።

በጨዋማ ውኃ ውስጥ ሥራቸውን ተክለው የሚኖሩትን የማንግሮቭ ዛፎች በእንጨት መተላለፊያ ላይ እየተራመድን አየናቸው፤ ስላየናቸው ግን የማስታውሰው ትንሽ ነው። መኪና ውስጥ ብዙ ሳንነጋገር ቆየን። በመጨረሻ እህቴ ወደ መስኮቱ እንደዞረች፣

«እማዬ ያን ቀን ቡናውን ብቻዋን ጠጣችው?» አለችኝ።

«ጎረቤት ጠራች» አልኳት።

እናም ያን ያህል የቸኮልንለት የቅመም እርሻ ደረስን። አንድ ወጣት ቅጠል እያሸ፣ ልጥ እየፋቀ «ይህ ምንድን ነው?» እያለ ጠየቀን። ቅርንፉድ ነበር፤ ሄል ነበር፤ ቀረፋና እርድ ነበር። ከእናታችን ጓዳ ያልጠፋውን ቅመም እንድናሸት ነው ከዚያች ሴት ምንጣፍ የተነሣነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ዕዳው ምንድን ነው? ባይሄዱ ይሻላል የሚል መልስ አይዋጥልኝም። ማንም ባይሄድ ያ ገበሬ ጉሬዛውን የሚታገሥበት አንድ ምክንያት ይጎድለው ነበር፤ ቤቱ ተቀምጦ ንጹሕ ነኝ የሚለው ሰው ለማንም የጠቀመው ነገር የለም። ግማሽ ቀን ማነሱም በራሱ ጥፋት አይደለም። አባቶቻችን እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ሲሉ አጭር ቆይታን ማመስገናቸው ነበር።

ጥፋቱ ያለው በሌላ ቦታ ይመስለኛል። ደንበኛ ንጉሥ ነው ይባላል፤ ንጉሥ ደግሞ ያዘዘውን ይጠብቃል። እንግዳ ግን ንጉሥ አይደለም። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ሲመታ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ይለዋል፤ የሚቀርብለትም ቤት ያፈራው ነው። ደንበኛ ዝርዝሩ ላይ ያለውን ያገኛል፤ ዝርዝሩ ላይ የሌለው ግን ቢሰጠውም መቀበያ የለውም። እኛም ኮኮናቱን የናቅን ሰዎች አልነበርንም። መቀበያ ሰዓት አልነበረንም። ያን ሰዓት የወሰደብን ደግሞ ሹፌሩ አይደለም፤ የራሳችን እስክሪብቶ ነው።

ለእህቴ ሙግት ያኔ ያጣሁለትን መልስም ዘግይቼ ያገኘሁት እዚሁ ላይ ነው። ሳላስብ ልረፍ ማለቷ መብቷ ነበር። ይሁንና ያን ማታ ዕቅዱን ስትጽፍ ያየኋት ያረፈችዋን እህቴን አልነበረም። ለእያንዳንዱ ክፍል ስንት ደቂቃ እንደሚፈቀድ የምትቆጥረዋን የሆቴል ሠራተኛ ነበር። ደንን፣ ባሕርንና ቅመምን እንደ አልጋ በተራ በተራ አነጠፈቻቸው። ዕረፍቷን የነጠቃት የእኔ የኅሊና ወቀሳ ሳይሆን አብሯት የመጣው የሥራ ሰዓቷ ነው። ከሦስቱ አንዱን ሰርዛ ቢሆን ኖሮ ያቺን ሴት ብቻ ሳይሆን ራሷንም ታስተናግድ ነበር።

ስለዚህ የግማሽ ቀን ጉዞ የሚያቅድ ሰው፣ ወንጪም ይሂድ ጢስ ዓባይ፣ አንዲት ሰዓት ምንም ሳይጻፍባት ቢተው እላለሁ። ምናልባት የሚጠራው አይኖርም፤ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ይመለሳል። ምናልባትም «ግቡ» የሚል ይመጣል።

ያቺ የጆዛኒ ሴት ገና ምሳዋን ሳትበላ ረስታን ይሆናል ብዬ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ። እናታችን ግን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እነዚያን ሁለት ሽማግሌዎች ሳትረሳ ነው የሞተችው። በተነሡ ቁጥር የምትለውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ምነው፣ አቦሉን እንኳ ቢቀምሱልኝ።»