የመሣሪያ ዋጋና የገዢ አቅም

ገበሬ ያለ ማረሻ፣ ሸማኔ ያለ መወርወሪያ፣ መምህር ያለ ጠመኔ ሙያውን ሊገልጥ አይችልም። ስለዚህ ለመሣሪያ የሚጠየቀው ዋጋ የገበያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ማን ወደ ሙያው እንደሚገባና ማን በደጅ እንደሚቀር የሚወስን የፍትሕ ጥያቄም ነው። ጥያቄውን እዚህ የምናነሣው በኮምፒዩተር ፕሮግራም አዘጋጅነት ሙያ ላይ ነው። ይህን ሙያ ለመማር የተነሡ ወጣቶቻችን «መሣሪያው ለምን ይህን ያህል ተወደደ? ሳንከፍል ብንገለብጠውስ ጥፋቱ የማን ነው?» ሲሉ እንሰማቸዋለንና።

አስቀድመን መሣሪያው ምን እንደሆነ እንግለጥ። ፕሮግራም አዘጋጅ ሥራውን የሚጽፍበት መጻፊያ፣ የጻፈውን ኮምፒዩተሩ ወደሚፈጽመው ቋንቋ የሚለውጥለት ኮምፓይለር፣ ስሕተቱን የሚያድንበት መመርመሪያ ያስፈልገዋል። እነዚህም ራሳቸው ፕሮግራሞች ናቸው። ከማረሻ ግን በአንድ ነገር ይለያሉ። ቀጥቃጭ ሁለተኛውን ማረሻ ለመሥራት እንደገና ብረት፣ ከሰልና ላብ ያወጣል። የፕሮግራም ሠሪ ግን አብዛኛው ድካሙ በመጀመሪያው ላይ ያልቃል፤ ሁለተኛውና ሺኛው ቅጂ ከሞላ ጎደል ያለ ወጪ ይባዛል። ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ነው። ገዢው «ለማባዛት ምንም ላላወጣህበት ይህን ሁሉ ታስከፍለኛለህን?» ይላል። ሠሪው ደግሞ «የመጀመሪያውን ስሠራ ያነጋሁባቸውን ሌሊቶች ማን ይክፈለኝ?» ብሎ ይመልሳል።

የሠሪውን ወገን በግልጽ ከተናገሩት አንዱ ቢል ጌትስ ነው። በ1976 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለኮምፒዩተር ወዳጆች በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ፣ እርሱና ባልደረቦቹ የደከሙበትን የቤዚክ ፕሮግራም አብዛኛው ሰው ሳይከፍል እንደሚገለብጠው ከሰሰ። ለሥራው የፈጀው የኮምፒዩተር ጊዜ ዋጋው ከ40,000 ዶላር እንደሚበልጥ፣ የተገኘው ገንዘብ ግን ቢሰላ ለአንድ ሰዓት ድካም 2 ዶላር እንኳ እንደማይሞላ ገለጠ። ሠርቶ ተገቢውን ክፍያ ማጣት ምን እንደሚመስል ለዚህ ሰፈር ሰው መንገር አያሻም። የደከመ ሰው ከድካሙ ሊኖር ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ሠሪው ይኑር ማለት ዋጋውን እስከ ፈለገው ይስቀል ማለት አይደለም። በ1983 ቦርላንድ የተባለው ኩባንያ ቱርቦ ፓስካል የተሰኘውን መሣሪያ በ49.95 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ፣ መሰሎቹ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጡ ነበር። ኩባንያው ግን አልከሰረም፤ ከብዙ ገዢ ጥቂት ጥቂት እየሰበሰበ አደገ። ከዋጋው ይልቅ የሚደንቀው የፈቃድ ውሉ ነው። ውሉ መሣሪያውን እንደ መጽሐፍ ቁጠሩት ይል ነበር። መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ነገር ግን አንዱን መጽሐፍ ሁለት ሰዎች በሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ ሊያነቡት አይችሉም፤ መሣሪያውም እንዲሁ ይሁን ማለት ነው። አንድ መጽሐፍ በስንት እጅ እንደሚያልፍ የምናውቅ እኛ ይህን ውል ያለ አስተርጓሚ እንረዳዋለን።

ዛሬ ግን ብዙው መሣሪያ አይሸጥም፤ ይከራያል። በእኛ አስተያየት ይህ ከዋጋው መወደድ ይልቅ የሚያሳስብ ነው። ገበሬ አንድ ዓመት ቢቸግረው ያለፈው ዓመት ማረሻው ከእጁ አይነጠቅም። በ2015 ጄትብሬይንስ የተባለው መሣሪያ ሠሪ ወደ ኪራይ እንደሚዛወር ባስታወቀ ጊዜ ደንበኞቹ አጥብቀው ተቃወሙት። ኩባንያውም ውሉን አሻሽሎ፣ 12 ወር የከፈለ ሰው ክፍያውን ቢያቋርጥም አንድ እትም በእጁ እንዲቀር ፈቀደ። ሰዎቹን ያስቆጣቸው ገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ የሙያቸው መሣሪያ በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉም ነበር እንጂ።

ታዲያ ዋጋው ከልክ ያለፈ ነውን? መልሳችን እንደ ከፋዩ ይለያል። በሀብታም አገር ተቀጥሮ ለሚሠራ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የወር ኪራዩ ከጥቂት ሰዓት ሥራ አይበልጥም፤ መሣሪያውም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ያተርፍለታል። ለእርሱ ተወደደ ማለት ይከብደናል። በኢንሴንቲቭ ለሚሠራ የካምፕ ወጣት ግን ያው ቁጥር የወር ገቢው ነው። ገንዘቡን ቢያጠራቅም እንኳ የሚጠየቀው የባንክ ካርድ ነው፤ ካርዱም የለውም። ለሁሉም አንድ ዋጋ መቁረጥ እኩልነት ይመስላል፤ አቅሙ እኩል ላልሆነ ሰው ግን እኩልነት አይደለም።

በአገራችን በብዙ ገጠር ገበሬው ቀጥቃጩን የሚከፍለው አዝመራ ሲገባ በእህል ነበር። ምርት ሳይኖር ክፍያ አይጠየቅም ነበር ማለት ነው። ይህ አሳብ በዘመኑ ሙያም አለ። ኤፒክ የተባለው ኩባንያ አንሪል የተሰኘውን የጨዋታ መሥሪያ በ2015 ያለ ቅድሚያ ክፍያ ለቆ፣ ከሚሸጠው ሥራ ገቢ 5 በመቶ ጠየቀ። በ2020 ደግሞ የመጀመሪያውን 1 ሚሊዮን ዶላር ገቢ ከክፍያ ነጻ አደረገው። ለተማሪና ለጀማሪ የሚስማማው እንዲህ ያለው ሥርዓት ነው።

ሳይከፍሉ ስለ መገልበጥ የምንለው አጭር ነው። መምህራን ነንና ስርቆትን አናስተምርም። ደግሞም ምክንያቱ ከቀድሞው ሳስቷል። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ካስታወቀው የግኑ ሥራ የተገኘው ጂ.ሲ.ሲ. የተባለው ኮምፓይለር ከ1987 ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው። ማይክሮሶፍትም በ2014 ለተማሪዎችና ለግለሰቦች ነጻ የሆነ የቪዥዋል ስቱዲዮ እትም አውጥቷል። በነጻ በተፈቀደው የተማረ ወጣት ሥራውን ሲሸጥ አንገቱን አይደፋም። በሌላ በኩል፣ ሌላ ቅጂ ለመስጠት ምንም የማያወጣ ሠሪ ተማሪውን በዋጋ ቢያግደው ከወቀሳ አያመልጥም። የጠበቀው ገንዘቡን አይደለም፤ ከዚያ ልጅ የሚያገኘው ገንዘብ አልነበረምና።

እንግዲህ አሳባችን ይህ ነው፦ ያተረፈ ይክፈል፤ የሚማር ይማር፤ የከፈለም የከፈለበት ነገር በእጁ ይቅር። የምትቃወሙን አንባብያን ካላችሁ ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን።